የገጹን ዋጋ ማን ከፈለ?

ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የጻፍሁት። ቡና የተፈላበት ቤት ያላችሁ አቦሉ ላይ ብትጀምሩት በረካው ላይ ትጨርሱታላችሁ።

ነገሩ ስለ ልቦለድ ነው። እኔ ሀያሲ አይደለሁም፤ እዚሁ ባሕር ዳር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ የማስተምር ባለዲፕሎማ መምህር ነኝ። «ዲፕሎማ ይዘህ ስለ ሥነ ጽሑፍ ምን አገባህ?» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይሁን። ግን አንድን መጽሐፍ በየዓመቱ ከአዳዲስ ልጆች ጋር ደጋግሞ ማንበብ የራሱ ትምህርት አለው። ልጆች ትልቅ ሰው የሚያፍርበትን ጥያቄ ሳያፍሩ ይጠይቃሉ።

ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ስናወራ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ እንዲህ አለችኝ፦ «ቲቸር፣ ክብሩ የፊታውራሪ ነው አይደል? ታዲያ ከፋይዋ ለምን ሰብለ ሆነች?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄዋን ይዤ ነው የሄድሁት። እነሆ እስከ ዛሬ ይዤው እዞራለሁ።

ከቃሉ እንጀምር። በልቦለድ ውስጥ የምናገኘውን ሰው «ገጸ ባሕርይ» እንለዋለን። ስለለመድነው አናስተውለውም እንጂ ግሩም ቃል ነው። «ገጽ» ፊት ነው፤ ሰው የሚያየው፣ ለአደባባይ የሚወጣው። «ባሕርይ» ደግሞ ውስጥ ያለው፣ የማይታየው ተፈጥሮ ነው። በግእዙ አገባብ ሲናበቡ «የባሕርይ ገጽ» እንደማለት ይሆናሉ። ጎረቤታችንን የምናውቀው በገጹ ነው። የሥራ ባልደረባችንንም እንደዚያው። ልቦለድ ውስጥ ግን ደራሲው ገጹንም ባሕርዩንም ከፍቶ ያሳየናል። ሰው መጽሐፍ ይዞ እስከ እኩለ ሌሊት የሚያመሸው ለዚህ ይመስለኛል፤ በኑሮ የተከለከለውን የሰው ውስጥ ለማየት።

እኛ አገር ደግሞ በገጽና በባሕርይ መካከል ያለው ርቀት ነውር ብቻ አይደለም፤ ጥበብም ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራ፣ ጎንጅ፣ ደብረ ኤልያስ፣ ዲማ እያልን የምንጠራቸው ቦታዎች ሁሉ ሰምና ወርቅ የተማረባቸው ናቸው። ሰሙን ሁሉም ይሰማዋል፤ ወርቁን የሚያገኘው ግን የፈታው ነው። አነጋገራችንም ይኼን ሁለትነት ለብሶ ነው የሚሄድ። መናገር ሳይመች ሲቀር «ሆድ ይፍጀው» እንላለን። የተደበቀ ነገር ሲወጣ «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» እንላለን። ላዩ አምሮ ውስጡ የከፋውን ደግሞ «ውስጡን ለቄስ» ብለን እናልፈዋለን።

ስለዚህ ተማሪዎቼ ገጹና ውስጡ የማይገጥም ገጸ ባሕርይ ሲያጋጥማቸው መልሱ አያስቸግራቸውም። «ግብዝ ነው» ብለው ይጽፋሉ፤ ማርኩም ይሰጣቸዋል። ለእኔ ግን ይህ መልስ አይበቃም። «ግብዝ» የሚለው ቃል የሚነግረን የባለቤቱን ኃጢአት ብቻ ነው። የልጅቷ ጥያቄ ግን ሂሳቡን ያነሳል። ማን አዘዘ? ማን ከፈለ?

እስቲ በዚህ ጥያቄ መጽሐፉን እንደገና እንየው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ተወልደው፣ በጎጃም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች አድገው፣ በፋሽስት ወረራ ጊዜ ተማርከው ጣሊያን አገር የታሰሩ ሰው ናቸው። ከነጻነት በኋላ በዲፕሎማትነትና በሚኒስትርነት አገልግለዋል። «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ብዙ ሰው መጽሐፉን ከማንበቡ በፊት በሬዲዮ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ ሰምቶታል። ደራሲው የቤተ ክህነቱንም የቤተ መንግሥቱንም አደባባይ ያዩ ሰው ስለነበሩ፣ ገጽ ምን ያህል እንደሚከብድ የተጻፈው ከሩቅ ታይቶ አይደለም። ኋላ በ1974 ዓ.ም. ያሳተሙትን ልቦለድ «ወንጀለኛው ዳኛ» ብለው ሲሰይሙም ሁለቱን ነገር በአንድ ርዕስ ላይ አስቀምጠውታል፤ ዳኛው ገጽ፣ ወንጀለኛው ባሕርይ።

ፊታውራሪ መሸሻን እንውሰድ። ትልቅ ባላባት ናቸው። ለልጃቸው ለሰብለ ወንጌል የሚመጣው ጠያቂ ሁሉ «በዘር አይመጥነንም» እየተባለ ይመለሳል። ዓመቱ ዓመት እየወለደ ሰብለ የትዳር ዕድሜዋ ያልፋል። እንግዲህ ፊታውራሪ ልጃቸውን ይጠሉ ነበር የሚል ሰው አለ? እኔ አላየሁም። ይወዷታል። ችግሩ ግን ሰብለ እሳቸው ዘንድ ሰው ብቻ አይደለችም፤ የቤቱ ገጽም ናት። የአባት ክብር በልጅቷ ትዳር ይለካል። ስለዚህ እሷ የምትፈልገውን መጠየቅ ማለት መስተዋትን «ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?» ብሎ እንደ መጠየቅ ሆነባቸው። ማን መስተዋትን ይጠይቃል?

እዚህ ድረስ «ግብዝና ትዕቢተኛ ነው» የሚለው የፈተና መልስ ያስኬዳል። አሁን ወደ ማንኩሳ እንሂድ።

የበዛብህ ወላጆች ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ድሆች ናቸው፤ ደጎች ናቸው፤ አንድም ማስመሰል አላይባቸውም። ልጃቸውን በልጅነቱ ለእግዚአብሔር ተሳሉት፤ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያን እንዲያገለግል። ስለቱ ከልባቸው ነው። ግን ተመልከቱ፤ ስለቱን የተሳሉት እነሱ፣ የሚከፍለው እሱ። በዛብህ ገና ራሱን ሳያውቅ ገጽ ተሰጠው። ድምፁ ያማረ፣ ቅኔው የሰመረ፣ ለዓለም የሞተ አገልጋይ ተብሎ ይታያል። ውስጡ ግን የሚወድ ወጣት ነው። ፊታውራሪ ቤት ሰብለን ሊያስተምር ሲገባ ሁለት የሌላ ሰው ገጾች ናቸው አንድ ክፍል ውስጥ የተገናኙት፤ የባላባት ክብርና የገበሬ ስለት። ከነዚህ ገጾች ሥር ደግሞ ሁለት ልጆች አሉ።

«ግብዝ» የሚለው መለኪያ የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው። ፊታውራሪን ይይዛል፤ ቦጋለንና ውድነሽን ግን አይዝም። «ማን ከፈለ?» የሚለው ጥያቄ ግን ትዕቢተኛውንም ደጉንም እኩል ይመዝናል። ደግነት ሂሳቡን ከልጁ ላይ አላነሳለትም።

ሌላም ነገር አለ። ሰብለ በዛብህን ፍለጋ ከቤቷ ስትወጣ መነኩሴ መስላ ነው የምትወጣ። እስከዚያ ቀን የነበራት ገጽ የአባቷ ነበር። ራሷን ሆና ለመሄድ ስትፈልግ ደግሞ የሌላ ሰው ልብስ አስፈለጋት። በራሷ ፊት የምትሄድበት አንድም መንገድ አልነበረም። አንዳንድ ልጆች «ለምን ዋሸች?» ይላሉ። እኔ ደግሞ «እውነቷን ይዛ በየትኛው በር ትውጣ?» እላቸዋለሁ።

ከዚህ ሁሉ ሰው መካከል ገጹና ባሕርዩ አንድ የሆነው ጉዱ ካሳ ነው። የተማረ ነው፤ ሥርዓቱን ከውስጥ ያውቀዋል፤ የሚያስበውን ፊታውራሪ ፊት ይናገራል። ስሙ ምን ተባለ? «ጉዱ»። አገሩ ሁሉ ገጽ ለብሶ ሲሄድ ባዶ ፊቱን የወጣው ሰው እብድ ተባለ። የሐዲስ ዓለማየሁ ትልቁ ምፀት ለእኔ ይኼ ነው። በሌላ ልቦለድ ውስጥ ሁለት ፊት ያለው ሰው ጉድ ይባላል፤ እዚህ ግን አንድ ፊት ያለው።

ወዳጆቼ፣ እዚህ ጋ አንድ የተለመደ መደምደሚያ አለ። «ስለዚህ ሁላችንም እንደ ጉዱ ካሳ እንሁን፤ የሆዳችንን እንናገር፤ ጭንብሉን እንጣል» የሚል። ጥሩ ይመስላል። ዘንድሮ እንደሆነ ፌስቡክ ላይ ሁሉም ጉዱ ካሳ ነው። የሰው ስም አንስቶ የሰደበ ሁሉ «እውነት ተናጋሪ ስለሆንሁ ነው የጠላችሁኝ» ይላል። በዚህ አልስማማም። ጉዱ ካሳን ጉዱ ካሳ ያደረገው መናገሩ ብቻ አይደለም፤ የንግግሩን ዋጋ ራሱ መክፈሉ ነው። ስሙን ያጣው እሱ፣ የታሰረው እሱ። ሌላ ሰው አስከፍሎ እውነት መናገርማ ምን ያስቸግራል?

ደግሞ ገጽ ሁሉ ክፉ አይደለም። አማርኛችን ለዚህ አንድ ቃል አለው፤ «ገመና»። ሰው ገመና አለው። ድህነቱ፣ ሕመሙ፣ የቤቱ ጠብ፣ ያልተሳካለት ነገር። ገመናን መሸፈን በእኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፤ የሌላውን ገመና መሸፈን ደግሞ ከጨዋነትም በላይ ነው። እራቱን ሳይበላ ያደረ ሰው «ጠግቤያለሁ» ቢላችሁ ግብዝ ትሉታላችሁ? አትሉትም። የራሱን ረሃብ ራሱ ነው የተራበው፤ ማንንም አላስራበም።

ከዚህ ከተማ ጣናን በግራ አድርጋችሁ ወደ ጎንደር ስትሄዱ እንፍራዝን ታገኛላችሁ። የ«ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» ተራኪ ከአክሱም ሸሽቶ የኖረው እዚያ ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ሃይማኖት በሃይማኖት ላይ በተነሳበት ጊዜ፣ ይህ ሰው ከሰው ጋር እንደ ሰው እየኖረ የልቡን እምነት ለብቻው እንደያዘ ይነግረናል። ጣሊያናዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 «ይህን መጽሐፍ የጻፈው ኢትዮጵያዊ ሳይሆን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል የካፑቺን መነኩሴ ነው» ብሎ ተነሳ። ክላውድ ሰምነር ደግሞ የዘርዓ ያዕቆብ ነው ብለው ተሟገቱ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። የኮንቲ ሮሲኒ እውነት ከሆነ ሐተታው ልቦለድ ሆነ ማለት ነው፤ ገጹ የአክሱም ሰው፣ ባሕርዩ የጣሊያን መነኩሴ። የሰምነር እውነት ከሆነ ደግሞ ደራሲው የገዛ ልቡን ደብቆ የኖረ የእኛው ሰው ነው። በሁለቱም መንገድ የምናገኘው በአደባባይ መናገር ያልቻለውን በጽሑፍ የተናገረ ሰው ነው። እንዲህ ያለውን መደበቅ አልወቅስም። የደበቀው የራሱን ነው፤ የደበቀውም በሕይወት ለመቆየት ነው።

እንግዲህ ሚዛኔ ይህ ነው። የራስን ገመና በራስ ልብስ መሸፈን ጨዋነት ነው። የራስን ገመና በሌላ ሰው ሕይወት መሸፈን ግን ዘረፋ ነው። በመጽሐፍም ውስጥ፣ በቤትም ውስጥ።

ይህን ሚዛን ይዘን ወደ በዓሉ ግርማ ብንሄድ ነገሩ የበለጠ ይከብዳል።

በዓሉ የገጽና የባሕርይ ደራሲ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም። በ1962 ዓ.ም. በወጣው «ከአድማስ ባሻገር» ውስጥ አበራ ቢሮ ገብቶ ይሠራል፤ ልቡ ግን ሥዕል ላይ ነው። ዘመድ አዝማዱ ከእሱ የሚጠብቀው ደህና ሥራና ደህና ትዳር ነው። በ1972 ዓ.ም. «ደራሲው» ሲወጣ ደግሞ አንባቢው ሁሉ «ሲራክ ማለት ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ነው» አለ። እስከ ዛሬም እንደዚያው ይባላል። በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» መጣ። ዋናው ገጸ ባሕርይ ጸጋዬ ኃይለማርያም ጋዜጠኛ ነው፤ ወደ አስመራ የሚሄደውም የቀይ ኮከብ ዘመቻን የፕሮፓጋንዳ ሥራ ሊሠራ ነው። ሥራው የመንግሥትን ገጽ ማሳመር ነው ማለት ነው። አዲስ አበባ እጮኛውን ሮማንን ትቶ፣ አስመራ ላይ ፊያሜታ ጊላይን ይወድዳል። በአደባባይ የአብዮቱ ድምፅ፣ በውስጡ ግን ልቡ ለሁለት የተከፈለ ሰው።

ደራሲው ራሱስ? በዓሉ በዚያ ጊዜ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። ቀን የመንግሥትን ገጽ በሚያሳምር መሥሪያ ቤት ይውላል፤ በልቦለዱ ደግሞ የዚያኑ ገጽ ጀርባ ጻፈ። «ኦሮማይ» ታገደ፤ በዓሉ ከሥራው ተባረረ። የካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

ተማሪዎቼ ይኼን ስነግራቸው ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዱ «ታዲያ ለምን ጻፈው?» ይላል። መልሱን ለበዓሉ እተወዋለሁ። እኔ የማየው ግን ይህን ነው፦ በገጹ ሥር ያለውን እውነት ሲያወጣ ሂሳቡን ለሌላ አላስተላለፈም። በስሙ ጻፈው፣ በስሙ አሳተመው፣ የመጣበትንም ራሱ ተቀበለ። ቤተሰቡ አብሮት መከራ አየ፤ ያንን የጫነባቸው ግን ልቦለድ የፈራው ኃይል ነው።

እዚህ ላይ እኛ አንባቢዎችም አንድ ነገር ይነካናል። በዓሉን ስናነብ የምንወደው ጨዋታ «ይህ እገሌ ነው፤ ያ ደግሞ እገሌ ነው» ማለት ነው። አልፎ አልፎ ቢሆን ምንም አይደል። ግን መጽሐፉን ሙሉ እንደዚያ አንብበን ከዘጋነው ደራሲው ባሕርይ ሲሰጠን እኛ ገጽ ብቻ ወስደን ሄድን ማለት ነው። ሲራክ ስብሐት ሆነም አልሆነ፣ መጽሐፉ የሚጠይቀው የእኔንና የእናንተን ውስጥ ነው። ሐሜት ልቦለድን ወደ ጎረቤት ወሬ ይመልሰዋል።

«መምህር፣ ይኼ ሁሉ የድሮ ነገር ነው። ፊታውራሪ አልፏል፣ ደርግ አልፏል» የምትሉኝ አላችሁ። እሺ፣ ወደ ዘንድሮ እንምጣ።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ውጤቱን ታስታውሳላችሁ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ስድስቱ አላለፈም ማለት ነው። ዘጠና ስድስቱ ካላለፈ አለማለፍ የልጁ የግል ነውር ሊሆን አይችልም፤ የሁላችንም ጉዳይ ነው። ግን በየቤቱ የሆነው እንደዚያ አልነበረም። በየቤቱ «የእገሌ ልጅ ወደቀ» ነው የተባለው።

አንድ ያስተማርሁት ልጅ አለ። ማንነቱን የሚገልጽ ነገር አልጽፍም። ውጤቱ ሲመጣ አላለፈም። እናቱ ግን ጎረቤቱ ሲጠይቅ «አልፏል» ብላ ነበር። አንዴ ከተባለ በኋላ ገጹን ማስጠበቅ መጣ። ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ በሚጠሩበት ሰሞን ልጁ ሻንጣ ተዘጋጀለት፤ ተመረቀ፤ ተሸኘ። የሄደው ግን ገጠር ዘመድ ጋ ነው። በሴሚስተር እረፍት «ከካምፓስ» መጣ።

ጣና ዳር አግኝቼው አብረን ተቀመጥን። መጀመሪያ ለእኔም ያንኑ ነው የነገረኝ። ቆይቶ ግን ሳቀና እውነቱን አወጣው።

«ቲቸር፣ ትናንት ለአክስቴ አካውንቲንግ ነው የምማረው አልኋት። ዛሬ ደግሞ ለጎረቤታችን ለእትዬ ኢኮኖሚክስ አልኋቸው። ሁለቱ ቡና ላይ ከተገናኙ አለቀልኝ!»

አብረን ሳቅን። ከዚያ «ለምን በግል ተመዝግበህ ድጋሚ አትፈተንም?» አልሁት። ዝም አለ። «ስመዘገብ ሰው ያየኛላ» አለኝ።

ልብ በሉ፤ ልጁ ወደፊት የሚሄድበት መንገድ ነበረው። ድጋሚ መፈተን ይችል ነበር። ሙያ ተምሮ ሥራ መያዝ ይችል ነበር። የእናቱ ገጽ ግን እሱ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ «እየተማረ» እንዲቆይ ይፈልጋል፤ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ ደግሞ እዚህ ከተማ ለድጋሚ ፈተና ሊመዘገብ አይችልም። ስለዚህ አንድ ዓመት ሙሉ የሌለ ተማሪ ሆኖ ኖረ። እናቱ ክፉ ሴት አይደለችም። እንደ ውድነሽ በጣሙ ደግ ናት፤ ልጇን የምትወድ፣ ለፍታ ያሳደገች። ሰው እንዳይንቅባት ፈራች፤ ሰውም ይንቃልና ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም። ግን ደግነቷ ሂሳቡን አላነሳለትም። የእሷን ገጽ የከፈለው የእሱ አንድ ዓመት ነው።

የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ አላለፈም የምለው ለዚህ ነው። ፊታውራሪው ቀርቶ «ሰው ምን ይለኛል?» በቦታው ተቀምጧል። ሰብለም በዛብህም አሁን የደንብ ልብስ ለብሰው ሳይሆን አይቀርም ክፍሌ ውስጥ የሚቀመጡት።

የጣና ልጆች ይህን በቀላሉ እንረዳዋለን። እምቦጭ ሐይቃችን ላይ መታየቱ ከተነገረ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ስንት ተባለ! አረሙን ከሩቅ ለሚያየው እኮ ቆንጆ ነው። አረንጓዴ ምንጣፍ፣ ላዩ ላይ ሐምራዊ አበባ። እንግዳ ሰው ፎቶ ሊነሳበት ይችላል። አበባውን የሚከፍለው ግን ከሥሩ ያለው ውሃ ነው፤ ዓሣው ነው፤ መረቡን መጣያ ያጣው ዓሣ አጥማጅ ነው። ስለዚህ ባማረ ነገር ፊት ስንቆም «ያምራል ወይ?» ብቻ ብለን አንጠይቅ። «ከሥሩ ያለው ይተነፍሳል ወይ?» እንበል።

አሁን ወደ ተግባሩ ልግባና ልጨርስ።

መምህራን ጓደኞቼ፤ ከልቦለድ አንድ ገጽ ቆርጠን «የገጸ ባሕርይውን ውጫዊና ውስጣዊ ገጽታ ዘርዝር» ብለን መጠየቁን አንተው፤ ግን አንድ ጥያቄ እንጨምርበት። «የዚህ ሰው ክብር፣ ስለት፣ ዝና ወይም ዝምታ ዋጋው ስንት ነው? ማን ከፈለው?» እኔ ሞክሬዋለሁ። ልጆቹ ስለ ፊታውራሪ መጻፍ ይጀምሩና ሳይታወቃቸው ስለ ቤታቸው ጽፈው ያድራሉ። እንዲህ ያለውን ወረቀት ክፍል ውስጥ ድምፅን ከፍ አድርጎ ማንበብ አይገባም፤ የልጁ ገመና ነው። አንብቦ፣ ማርኩን ሰጥቶ፣ «ካስፈለገህ አለሁ» ብሎ ከሥሩ መጻፍ ግን ይቻላል።

ወላጆች፤ ልጃችሁን «ሰው ምን ይላል?» ከማለታችሁ በፊት ያንን የሚለውን ሰው በስሙ ጥሩት። ማን ነው? እትዬ እገሌ ናቸው? እሳቸው ለልጃችሁ ስንት ከፈሉ? አብዛኛውን ጊዜ ያ የምንፈራው «ሰው» ስም የለውም፤ ካለውም የራሱን ልጅ ጭንቀት ይዞ ቤቱ ተቀምጧል።

ልጆች፤ የሆዳችሁን ሁሉ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ አውጡ አልላችሁም። ገመናችሁን ያዙ፤ መብታችሁ ነው። ግን የሌላ ሰው ገጽ ሆናችሁ እየኖራችሁ እንደሆነ ቢያንስ እናንተ እወቁት። የተሸከማችሁት የማን እንደሆነ ማወቅ የማውረድ መጀመሪያ ነው። አንድ የምታምኑት ሰው ፈልጉ። በዛብህ እንኳን ፊታውራሪ ቤት ጉዱ ካሳን አግኝቷል።

ልጁን የምትጠይቁኝ ትኖራላችሁ። በዚያ የተነጋገርንበት ዓመት አልተመዘገበም። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ከተማ ሄዶ ተመዘገበ። እዚህ የሚኖሩ ጎረቤቶቹ እስከ ዛሬ ሦስተኛ ዓመት ደርሷል ብለው ነው የሚያስቡ።

እናንተስ? በየትኛው ልቦለድ ውስጥ የማን ገጽ በማን ሕይወት ተከፍሎ አገኛችሁ? መጽሐፉን ጥቀሱና ከሥር ጻፉልኝ። የሰው ስም ግን አትጥሩ፤ የገጸ ባሕርይ ስም ይበቃል።

ቸር ያሰማን።